በውሰት የሚሄድ መርፌ

ወንድሜ ጉበቱን ቀስ በቀስ የሚበላ በሽታ በደሙ ውስጥ እንዳለ በተነገረው ቀን ያናደደው በሽታው አልነበረም። ያናደደው መድኃኒቱ ኪኒን መሆኑ ነው።

ከሐኪሟ ክፍል ወጥተን የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ቆመናል። አሰላ እንደ ልማዷ የከሰዓት በኋላ ንፋሷን ለቃብናለች፤ እሱም ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፏል። «ለራስ ምታትም ኪኒን፣ ለጉበትም ኪኒን?» አለኝ። «ልጅቷ ገና ተማሪ ሳትሆን አትቀርም።» ልጅቷ የሚላት የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ናት። በቀን አንዴ የሚዋጥ፣ ሦስት ወር ያህል የሚወሰድ፣ አብዛኛውን ሰው ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት መኖሩን ስትነግረን ፊቷ የምሥራች እንደሚያበስር ሰው በርቶ ነበር። ወንድሜ ግን በርካሽ ዕቃ ሊሸነግሉት እንደሞከሩት ነጋዴ ነው የወጣው።

እኔም ባላዋቂነቴ በዕውቀት ላሳምነው ሞከርኩ። ይህ በሽታ ቀድሞ ይታከም የነበረው ወራት በሚፈጅ፣ ትኩሳት እያስነሳ ሰውን አልጋ ላይ በሚጥል መርፌ እንደነበር፣ ያም ሆኖ ብዙዎቹን እንዳላዳነ፣ ዛሬ በኪኒን መተካቱ ትልቅ ነገር እንደሆነ ከያነበብኩት ሁሉ ለቃቅሜ ነገርኩት። በጥሞና አዳመጠኝ። ስጨርስ፣ «አየህ፣ መርፌ አለው ማለት ነው» አለ። «እሱን ነው የምፈልገው።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለብዙ ወራት ደሜ ሲፈላ ኖረ።

ነገሩ የተጀመረው በወንድሜ ኩራት ነው። የስንዴ ሰው ነው፤ ኢተያ አካባቢ መሬት ያርሳል፣ እህል ይነግዳል፣ ተወልደን ባደግንበት የአሰላ ቤት ይኖራል፣ በሰንበቴ ማኅበሩም የሚሰማ ሰው ነው። ደም ለጋሾች በድንኳን ሲጠሩ በዕድሜው ሊያልፈው ሲችል፣ «የኔ ደም ከእነዚህ ወጣቶች ደም ይሻላል» ብሎ እጅጌውን ጠቅልሎ ገባ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተጠርቶ ለምርመራ ሆስፒታል እንዲሄድ ተነገረው። ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «ደሜን ወሰዱና ሰደቡኝ።»

ሆስፒታል ስንሄድ እኔን ያስከተለኝ በምስክርነት ነው። እኔ ጋዜጣ ላይ ሰውን የሚያናድድ መጣጥፍ እየጻፍኩ የምተዳደር ታናሽ ወንድሙ ነኝ፤ ሐኪሞቹ ቢያሳስቱት እንድጽፍባቸው ነው። ሐኪሟ ምንም ጥፋት አልነበረባትም። ጥፋቱ የግድግዳው ወረቀት ነበር። ከጀርባዋ «ለሄፓታይተስ ሲ ይበልጥ ተጋላጭ የሆኑ ወገኖች» የሚል ተለጥፏል። አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ የሚወስዱ ይላል አንደኛው መስመር። የሕግ ታራሚዎች ይላል ሁለተኛው። እንዲህ እያለ ወርዶ ከሥር፣ ፊደሉ እየቀጨጨ ሲሄድ፣ በአግባቡ ባልተቀቀለ መርፌ የተወጉ ይላል። ጽፌ የምኖር ሰው ነኝና አንባቢ ሁለተኛው መስመር ላይ እንደሚቀር አውቃለሁ። ወንድሜም እዚያው ቀረ።

«ልጄ፣ እኔ ከነዚህ ውስጥ የትኛው ነኝ?» አላት፤ ሊከስ እንደተዘጋጀ ሰው በጨዋነት።

እሷም ጋሼ እያለች በትሕትና ጠየቀችው። ደም ተሰጥቶት ያውቃል? አያውቅም። ጥርሱን ገበያ ላይ አስነቅሏል? በጭራሽ። ሰውነቱ ላይ ንቅሳት አለ? ይህን ስትጠይቀው ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ ስድቡን መዝግብልኝ እንደማለት። በልጅነቱ ብዙ ሰው በተወጋበት መርፌ ተወግቶ እንደሆነ ስትጠይቀውም እንደዚሁ አይ አለ። መታገሥ ስላልቻልኩ፣ «ቤታችን እኮ መርፌ ነበረን» አልኩ።

ወንድሜ በክርኑ ጎሸመኝ። ሐኪሟ አልገባትም። ሲሪንጅ ከማሸጊያው ወጥቶ አንዴ ተወግቶበት የሚጣልበት ዘመን ልጅ ናት፤ ቤት መርፌ ሊኖረው እንደሚችል ከየት ታውቅ?

መርፌው የብርጭቆ ሲሪንጅ ነው። ክዳን ባላት ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከሁለት መርፌዎች ጋር ተኝቶ ይኖር ነበር። አባታችን እህል ሸጦ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ነው ይዞት የመጣው። የገዛበትን ምክንያት ሳስብ እስከ ዛሬ እስቃለሁ፣ ከሣቁ በኋላም እናደዳለሁ። በሰው መርፌ በሽታ ይተላለፋል የሚል ከአንድ ከተማ ሰው ሰምቶ ነው የገዛው። ልክ ነበር። ያን ጊዜ ለዚህኛው ቫይረስ ስም እንኳ አልወጣለትም፤ አባታችን ግን ለቤተሰቡ የብቻ መርፌ ገዝቶ በሩን ዘጋበት።

በሩን ከፍታ ያስገባችው ደግነት ናት። በኛ ሰፈር አንድ ዕቃ ቤት ውስጥ ካለ ጎረቤት ይዋሰዋል። ወንፊት ይዋሳል፣ መጥረቢያ ይዋሳል፣ መሰላል ይዋሳል፤ መርፌም ተዋሰ። «መርፌ አለኝ፣ ግን አልሰጥም» የሚል ዓረፍተ ነገር ከእናታችን አፍ ሊወጣ አይችልም ነበር። ልጇ በትኩሳት የሚቃጠል ሴት አጥር ላይ ቆማ እየለመነች ማንስ ይከለክላል? ድሬሰር የምንለው፣ ከጤና ጣቢያ የወጣ ሰውዬ ነበር፤ የፔኒሲሊን ብልቃጡን በኮቱ ኪስ ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል፤ መርፌው ከኛ ቤት ይሄዳል። ሲመለስ እናታችን ትቀቅለዋለች። እስከ መቼ? ውሃው እስኪጮህ። እንጨቱ እርጥብ የሆነ ቀን ደግሞ የፈላ ውሃ ታፈስበታለች። የመንደሩ ግማሽ በዚያ መርፌ ከሳምባ ምችም ከቁስልም ድኗል፤ ይህን የሚክድ ሰው አልወድም። በዚያው መርፌ ሌላ ነገርም ተሻግሯል፤ ይህን የሚክድ ሰው ደግሞ ወንድሜ ነው።

ከሁላችንም አብዝቶ የተወጋው እሱ ነው። ከእሱ በፊት የተወለዱት ሳያድጉ ስለቀሩ እንደ አንድ ዓይን ነበር የሚታየው። ካሳለ መርፌ፣ ካነጠሰ መርፌ፣ ምግብ እምቢ ካለ መርፌ። እኔ የመጨረሻው ነኝ፤ እኔ ሳስል አባታችን «እሱ ብረት ነው፣ ምንም አይነካውም» ይል ነበር። ይህን አድልዎ ወንድሜ ዕድሜ ልኩን በኩራት ሲያስታውሰኝ ኖሯል፤ የታላቅ ልጅ ማዕረጉ ነው። ሐኪሟ ባዘዘችው መሠረት የቤተሰቡ ሰው ሁሉ ሲመረመር፣ ሚስቱም ልጆቹም እኔም ነፃ ሆንን። የተነፈግሁት ፍቅር ጉበቴን አተረፈልኝ ማለት ነው። ያንን የግድግዳ ወረቀት እኔ ብጽፈው አንደኛው መስመር ላይ «እናታቸው አብዝታ የሳሳችላቸው» ብዬ እጽፍ ነበር። በኛ መንደር ተጋላጭ ማለት የተወደደ ልጅ ማለት ነው። ወረቀቱ ግን ወንበዴ ይፈልጋል፤ ወንድሜም ወንበዴ ስላልሆነ በሽታው የለበትም።

ሐኪሟ ሌላ ምርመራ ጨምራ ነበር። ጉበቱ ጠባሳ መያዝ ጀምሯል አለች። አሁን ቢታከም ቫይረሱ ይጠፋል፣ ጉበቱም ያገግማል፤ ቢዘገይ ግን ጠባሳው እየደደረ ይሄድና ሆዱ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ወዲያ ኪኒኑ ቫይረሱን ቢያጠፋም ጉበቱን አይመልሰውም። ይህን እኔም ሰማሁ፣ ሚስቱም ሰማች፣ እሱም ሰማ። የሰማነው ሦስታችንም ነን፤ እንቅልፍ ያጣነው ሁለታችን ነን።

ኪኒኑ መጣ። ወንድሜ ግን ስንዴውን ሳያነሳ አይጀምርም፤ የኮምባይነር ተራ ይዟል። ስንዴው ተነሣ። ጥምቀት ይለፍ። ጥምቀት አለፈ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው በጠዋት እንዴት ኪኒን ይውጣል? ጠዋት መሆኑ ግድ አይደለም፣ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሲቀምስ ይዋጠው ብላ ሐኪሟ በስልክ ነገረችኝ። ይህን ይዤ ድል እንዳደረገ ሰው ሄጄ ብነግረው፣ «ለጾም ሕግ ደግሞ እሷን መጠየቅ ጀመርክ?» አለኝ።

ዘመድም አላረፈም። ከዲክሲስ አንድ አጎታችን የተወቀጠ ሥር በብልቃጥ ላከ። ከጮሌ የመጣች አክስታችን የወፍ በሽታ የሐኪም መድኃኒት ከነካው ይገድላል ብላ ማለች፤ ጉበት ሲታመም ዓይን ቢጫ የሚሆንበትን ሁሉ የወፍ በሽታ ነው የምንለው። ወንድሜ ሁለቱንም በኩራት መለሳቸው። «ዓይኔ ቢጫ ነው?» ይላል፣ የዐይኑን ቆብ በጣቱ ገልጦ ለሁሉም እያሳየ። ሐኪሟ በሽታው ለብዙ ዘመን ምንም ምልክት ሳያሳይ እንደሚኖር ነግራዋለች። እሱ የወሰደው ምልክት የለኝም የሚለውን ብቻ ነው።

በመሃሉ ሲከፋው ሹልክ ብሎ አንዱ መርፌ ወጊ ዘንድ ይሄድና የቫይታሚን መርፌ ተወግቶ ይመጣል። ዳሌውን እያሻሸ ሲገባ ፊቱ ወዝ አለው። «አሁን ሰው ሆንኩ» ይላል። በመርፌ የታመመ ሰው፣ የሚያድነውን መድኃኒት መርፌ አይደለም ብሎ ገፍቶ፣ በመርፌ ሲጽናና አየሁ። ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያክም አላገኘሁም። ሚስቱ ለኔ፣ «ተወው፣ ክርክር ሲበዛበት ይብስበታል» ትለኛለች። እኔ ክርክር መተው አላውቅበትም።

አለማወቄ ጉድ ያደረገኝ ከፋሲካ በኋላ፣ በእናታችን ሙት ዓመት ቀን ነው። ግቢው ሙሉ ሰው ነበር። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻቸው ታርዶ በወጥ ሠሪያቸው የተሠራ በግ አለ፤ በአንድ ድንኳን ሁሉም ተቀምጦ ይበላል። ከበሉ በኋላ እንደ ወጉ የእናታችን ደግነት ይወራ ጀመር። አንድ ሽማግሌ፣ «በእሷ መርፌ ያልዳነ ከመካከላችን ማን አለ?» አሉ፤ ሰው ሁሉ ነፍሷን ይማር አለ፤ ወንድሜ ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ። እኔ ጠላ ጠጥቻለሁ፤ ወራት ሙሉ ስቃጠልም ነበር። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ፣ ግን ጆሮው ብቻ በማይሰማው ድምፅ፣ «አንተንም ሊገድልህ የተቃረበው እሱ መርፌ ነው» አልኩት።

ዙሪያችን ያሉት ወደ እኛ ዞሩ። ወንድሜ ብርጭቆውን በቀስታ አስቀመጠ።

«እናታችንን ነፍሰ ገዳይ ለማድረግ ነው ሙት ዓመቷ ላይ የመጣኸው?»

ሌላ አልጨመረም። ተነሥቶ እንግዶቹን ሊያስተናግድ ሄደ። እዚያው እንደተቀመጥኩ ከኮምባይነሩም፣ ከጾሙም፣ ከኪኒኑም ጀርባ ምን እንደነበረ ያኔ ተገለጠልኝ። ኪኒኑን ከዋጠ በሽታውን አመነ ማለት ነው። በሽታውን ካመነ ከየት መጣ ይባላል። ከየት መጣ ከተባለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ መርፌ ነው ያለው፤ የዚያ መርፌ ባለቤት ደግሞ እናቱ ናት። በእናቱ ስም ላይ አንዲት ነጠብጣብ ከምትወድቅ ሆዱ ውሃ ቢቋጥር መርጧል። እንዲህ ያለውን ሞኝነት ለማክበር ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ግን የሚሞተው የኔ ወንድም ነው፤ ክብሩም ሞኝነቱም ቢቀርብኝ ይሻለኛል።

በማግስቱ ሚስቱ ጠርታኝ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ወንድሜ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ከኔ ማዶ ያለውን ግድግዳ ያያል። እኔ ደግሞ ይቅርታ እየጠየቅሁ በመሃሉ ልክ መሆኔን የማስገባበትን ቦታ እፈልጋለሁ። እዚያ ላይ ሳለን ጎረቤታችን አዴ መጡ።

አዴ የምንላቸው በኦሮምኛ ትልቅ ሴት እንዲህ ስለምትጠራ ነው፤ ከዚያ በላይ ስም አስፈልጎን አያውቅም። ከጓሯችን አጥር ማዶ በሙሽርነታቸው ከመጡ ጀምሮ የእናታችን ባልንጀራ ነበሩ። አሁን እሳቸውም አርጅተዋል። አጥሩ ላይ ሁለቱ ሴቶች ሲመላለሱ የከፈቱት ቀዳዳ እስከ ዛሬ አለ፤ በእሱ ገብተው መጡ። ተነሥተን አስቀመጥናቸው። ሻይ አልጠጣም አሉ። ትናንት የተባለውን መስማታቸውን ተናገሩና ወደ ወንድሜ ዞሩ።

«እውነቱን ነው፤ ከመርፌው ነው» አሉ። «ግን ከእናትህ እጅ ሲወጣ ንጹሕ ነበር። ያቆሸሽኩት እኔ ነኝ።»

ወንድሜ ቀና አለ። እሳቸውም በተለመደው ረጋ ያለ አማርኛቸው፣ አልፎ አልፎ ኦሮምኛ ጣል እያደረጉ ነገሩን። አዲስ ሙሽራ ሳሉ ታምመው ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ነበር። ድሬሰሩ በእኛ መርፌ ወጋቸው። የመለሱ ዕለት ውሃ ማፍላቱ ሰልችቷቸው መርፌውን በጨርቅ ጠርገው፣ እናታችንን «ቀቅዬዋለሁ» አሏት። ወንድሜ በዚያው ሰሞን ትኩሳት ይዞት ነበር፤ በዚያው ተወጋ።

«አምናኝ ነው» አሉ። «እሷ ምን ታድርግ?»

እኔ አፌን ከፈትኩ። ዓይን ቢጫ የሚያደርግ በሽታ ብዙ ዓይነት ነው ልል ነው። በመርፌው የተወጋው ቤት ብዙ ነው፣ ከማን ወደ ማን እንዳለፈ ዛሬ ማንም ሊያውቅ አይችልም ልል ነው። አዴ አዩኝ። ሊጮህ የተዘጋጀ ውሻ የሚታየው እንደዚያ ነው። አፌን ዘጋሁ።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩንም?» አለ ወንድሜ።

«ማን ጠየቀኝ?»

ወንድሜ ትከሻው ሲወርድ አየሁ፤ ወራት ሙሉ ተሸክሞት የኖረውን ጆንያ አንዱ የተቀበለው ይመስል። አዴ ጊዜ አልሰጡትም። ኪኒኑን እኔ ቤት ታስቀምጣለህ፣ በየጠዋቱ እየመጣህ እኔ ፊት ትውጣለህ አሉት። ሊያንገራግር ሲል፣ «የእናንተን መርፌ ስንት ዘመን ተዋስኩ? አሁን ደግሞ እናንተ ከእኔ ትዋሳላችሁ» አሉት። ወራት ሙሉ በመጽሐፍ፣ በሐኪም፣ በልመናና በስድብ ያልተንቀሳቀሰ ሰው ተነሥቶ ጓዳ ገባና ብልቃጡን አምጥቶ እጃቸው ላይ አኖረው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ይብስ ተናደድኩ። በኛ አገር በሽታ ይድን ዘንድ መጀመሪያ ጥፋተኛ ሊገኝለት ይገባል?

ሐኪሟ ስትሰማ በዚያ መርፌ የተወጋ ሰው ሁሉ መመርመር አለበት፣ በተለይ አዴ፣ አለች። እኔ ይዣቸው ሄድኩ። ለምርመራው ጣታቸውን ጫፉ ላይ ሲወጓቸው፣ «ይሄ ብቻ ነው?» አሉ፤ ቅር ብሏቸው። የወንድሜ ጎረቤት መሆናቸው ገባኝ።

ውጤቱን ሐኪሟ ራሷ ነገረቻቸው። አዴ ነፃ ናቸው። ማለት፣ አለች ለማስረዳት፣ ይህ ቫይረስ አንዳንድ ሰው ላይ ገብቶ በራሱ ጊዜ ይወጣል፤ ቢወጣም ግን ደም ውስጥ አሻራው ይቀራል። የእርስዎ ደም ውስጥ አሻራውም የለም፤ ስለዚህ ገብቶም አያውቅም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይመርቃት ነበር። አዴ መሣሪያው ይሳሳት እንደሆነ ጠየቁ። ብዙ ጊዜ አይሳሳትም ተባሉ። አሁንም ሌላ መሣሪያ ይኖር እንደሆነ ጠየቁ። ሐኪሟ እኔን አየችኝ፤ ጤነኛ ነዎት ስላለቻቸው ምን እንዳስቀየማቸው አልገባትም።

ወደ ግቢው ስንወጣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ለወንድምህ በራሱ ወጥቷል ተባልኩ እለዋለሁ» አሉኝ።

«አዴ፣ ውሸት እኮ ነው።»

«ኪኒኑ ሲያልቅ እውነቱን ትነግረዋለህ። ከዚያ በፊት አፍህን ትይዛለህ።»

እሺ አላልኩም፤ እምቢም አላልኩም። መርፌውን በጨርቅ ጠርገው ቀቅዬዋለሁ ያሉት ነገርስ እውነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። እኔ ማወቅ አለብኝ፤ ባላውቅ አላድርም።

«ዓይኔ ቢጫ ሆኖ ያውቃል» አሉ። «ሌላውን ረስቼዋለሁ።»

ባጃጁ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት በሕይወቴ ዝም ያልኩባቸው ወራት ናቸው። ሥራዬ ሰው ሊሰማው የማይወደውን ነገር መናገር ነው፤ ለዚያ ሥራ የተሠራ አፍ ይዞ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ወንድሜ በየጠዋቱ በአጥሩ ቀዳዳ ያልፋል፣ አዴ ፊት ኪኒኑን ይውጣል፣ በላዩ የገብስ በሶ ይጠጣል። አንድም ቀን አላስታጎለም። በራሱ ወጣልኝ ማለታቸውን ሲሰማ አደነቃቸው፤ ትንሽም ቀና፤ «እሳቸው ድሮም ጠንካራ ናቸው» ይላል፣ በሽታ እንኳ ሴት ይፈራል ብሎ እየሳቀ። ከሁሉ የከፋው ግን ይቅር ማለቱ ነው። በየሄደበት ይቅር ይላቸዋል። ሰንበቴ ላይ፣ ወፍጮ ቤት፣ መንገድ ላይ፣ «እኔ አዴን ቂም አልያዝኩባቸውም፤ ያኔ ልጅ ነበሩ» እያለ ልበ ሰፊነቱን ያስደንቃል። ለአዴ ስንዴ አስጫነላቸው፤ የቤታቸውን ቆርቆሮ አስመታላቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ይቀበሉታል። እኔ ከማዶ ሆኜ ጥርሴን እነክሳለሁ። ደሟ ንጹሕ የሆነች ሴት፣ ባልተረጋገጠ ጥፋት፣ ቫይረሱ ባለበት ሰው ይቅር እየተባለች። ይህን አይቶ ዝም ላለ ሰው ሜዳሊያ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ሊኖር ይገባል።

በጎ ነገርም አልጠፋ፤ ይህን ሳልጽፍ ብቀር ሐሰተኛ እሆናለሁ። አዴ ጥፋቱን ከወሰዱ ወዲህ ስለ መርፌው ማውራት ነውር መሆኑ ቀረ። የመንደሩ ትልልቅ ሰዎች፣ የሙት ዓመቱ ሽማግሌ ሳይቀሩ፣ «እኔም በዚያ ተወግቻለሁ» እያሉ ሊመረመሩ ሄዱ። አንዷ ተገኘባትና ኪኒን ጀመረች። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አንብቦ የሄደ የለም።

ኪኒኑ አለቀ፤ መዳኑ እስኪረጋገጥ ግን አፌን ያዝኩ። ከዚያ በኋላም ወራት አልፈው ሐኪሟ የመጨረሻውን ምርመራ አዘዘች፤ እኔም እንደ ልማዴ አብሬ ሄድኩ። ቫይረሱ የለም አለችው። ጉበቱን እየተከታተለች እንደምታይ፣ መጠጥ እንዲተው፣ ሌላ ግን የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ነገረችው። ወንድሜ አመሰገናት፣ ባረካት፣ ከዚያም፣ «እንግዲህ አቅሜ እንዲመለስ አንዲት የቫይታሚን መርፌ ብታዢልኝ» አላት። አላዘዘችለትም። ያቺን ልጅ ወደድኳት።

ከሆስፒታል በቀጥታ አዴ ቤት ሄድን። ምራቶቻቸው ነበሩ፣ ሁለት ጎረቤቶችም ነበሩ። ወንድሜ ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ መዳኑን ተናገረ። ከዚያ፣ «አዴ፣ ዛሬ በሰው ፊት ይቅር ብዬዎታለሁ፤ ከልቤ ነው» አለ።

«አላህ ይስጥህ» አሉ አዴ፤ አንገታቸውን ደፉ። ባዶውን የኪኒን ብልቃጥ ከጓዳ አስመጥተው ሰጡት። «ዱምቴ» አሉ፤ አለቀ ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ቃላቸው ነበር፤ ኪኒኑ ሲያልቅ ትነግረዋለህ ብለዋል። አሁን አልቋል፣ አፌም ተፈቷል። ፊታቸው ላይ ልመናም ትእዛዝም አልነበረም። ቃላቸውን እንዳልረሱ ብቻ ነው የሚያሳየው።

ወደ በሩ ስንወጣ ወንድሜን ያዝኩት። «ጋሼ» አልኩት። «የአዴን የምርመራ ውጤት በዓይንህ አይተኸዋል?»

«ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። «ራሳቸው ነግረውኛል እኮ።»

ብልቃጡን እጁ ላይ እያገላበጠ ነበር። በአጥሩ ቀዳዳ በኩል የእናታችን ቤት ይታያል። ወራት ሙሉ ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር አለ፤ አጭር ነው፣ የሚቀነስም የሚጨመርም የለውም፣ ከጻፍኳቸው ሁሉ ይበልጣል።

«ምነው፣ ምን ሆነሃል?» አለኝ።

«ንፋስ አለ፤ ጃኬትህን ቆልፍ» አልኩት።

እስከ አገጩ ቆለፈው።